ነጩ መነጽር ለምን ለእኔ?

ሰው አላምንም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ «ምነው ይቺ ልጅ» እንዳትሉኝ። አባቴ ሐጂ ሙሐመድዘይን ግራና ላይ የታወቁ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። እኔ ነኢማ ደግሞ ከወልድያ ተመርቄ ከተመለስኩ ወዲህ የመጋዘናቸው ተረካቢ ነኝ። ገበሬ ጆንያ ሲያወርድ ላዩ ላይ የተደረደረውን አላይም፤ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ከሥሩ ነው የማወጣው። ሰው ላይም ያው ነኝ። ያመሰገነኝን ሰው ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፤ የሳቀልኝንማ ጭራሽ እሸሸዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ዓቢዳ «አንቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ አሻራ ይሰጣል» እያለች ትቀልድብኛለች።

ይኸው እኔው ነኝ እንግዲህ ለማላውቀው ወንድ አፌን ከፍቼ የተኛሁት።

ያለፈውን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ከወር በፊት የታች መንጋጋዬን ቁርጥማት ያዘኝና እናቴ መሪማ ከግራና መርሳ በባጃጅ፣ ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ይዛኝ ሄደች። የጥርስ ክሊኒኩ ከአንድ ጨርቅ መሸጫ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙ ዶክተር ኡበይደላ ይባላል፤ ከአጋሮ መጥቶ ሁለት ዓመት የሠራ፣ ከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ጥርሴን አየና «አይነቀልም፤ ሥሩን አጥበን እናድነዋለን። አምስት ጊዜ ትመላለሻለሽ» አለ። አንድ ጥርስ፣ አምስት ጊዜ። ጥርጣሬዬ የጀመረው ከዚያው ከወንበሩ ላይ ነው።

በዚያ ቤት መነጽር ሳያደርጉ መተኛት የለም። የዶክተሩ ረዳት ሲስተር ሸጊቱ ለገባው ሁሉ ያንኑ ቃል ትደግማለች፤ ጥርስ የሚታጠብበት ፈሳሽ በረኪና ነክ ነው፣ ዐይን ውስጥ ከተረጨ ያቃጥላል፣ የጥርስ ስባሪም ሊፈናጠር ይችላል። ከዚያ ከሳጥኑ ጥቁር መነጽር አውጥታ በአልኮል ትወለውልና ታደርግልሃለች። ጥቁር የሆነው ከላይ ያለው መብራት ዐይን እንዳይወጋ ነው። እናቴ «በረኪና ለልብስ እንጂ ለጥርስ ሰምቼ አላውቅም» ብላ ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ተቀመጠችና ዐይኗን ከዶክተሩ እጅ አልነቀለችም። ተጠራጣሪነት ከአባቴ ብቻ የወረስኩት አይደለም።

«ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ አቆማለሁ» አለኝ ዶክተሩ። እሱ የሚቀመጠው በቀኜ በኩል ስለሆነ ነው። አሁን እናንተ ፍረዱኝ። እኛ ቤት በግራ እጅ ምግብ አይነሳም፣ ዕቃ አይሰጥም፣ ሰው አይጠራም። እናቴ እያየችኝ ለአንድ ሐኪም ግራዬን ላነሳ ነው? አመመኝ፤ ከማመምም አለፈ፤ እኔ ግን ሁለቱንም እጆቼን ሆዴ ላይ አጣምሬ ዝም አልኩ። ሲጨርስ ጥቁሩን መነጽር ከፊቴ አነሳው። እንባዬ በሁለቱም በኩል እስከ ጆሮዬ ወርዶ ነበር። መነጽሩን እንደያዘ ብዙ ቆየ። «አልነገርሽኝም» አለ።

በሁለተኛው ቀን ሸጊቱ ጥቁሩን ልታደርግልኝ ስትል ከእጇ ተቀበለና ነጩን ሰጠኝ፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ፣ ጎንና ጎኑ የተሸፈነ መነጽር። መብራቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ሰብሮ ሠራ። ሲጨርስ እጄን ለምን እንደማላነሳ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱ ሲቀላ ከጭምብሉ በላይ አየሁት። «እኔም የሙስሊም ቤት ልጅ ነኝ፤ እንዴት አላሰብኩትም» አለ። «እንግዲያው ቀኝሽን አንሺ። መሣሪያዎቼን ከመንገድሽ ላይ አነሳልሻለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጄን አነሳሁ። ወዲያው አቆመ። «አብሽሪ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ቃሉ የእኛው አገር ነው፤ ከእኛ ነው የለቀመው። ለምን ለቀመው ብዬ እስከ መርሳ ድረስ ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ።

ነጩን መነጽር ያደረገ ሰው ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። በጥቁሩ ውስጥ ሐኪሙ ጥላ ነው። በነጩ ውስጥ ግን የግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ትታያለች፤ መርፌ ከመውጋቱ በፊት ትንፋሹን ሲውጥ ይታያል። እኔ ሳየው ደግሞ እሱም ያየኛል። አፌ ተከፍቶ መናገር ስለማልችል ያለኝ ዐይኔ ብቻ ነበር፤ ዐይኔ ደግሞ ለካ ከእኔ ያነሰ ጥንቁቅ ኖሯል።

እናቴ ይህን ቀድማኝ አየች። ከሦስተኛው ቀን ስንመለስ ሲሪንቃን እንዳለፍን ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ልጄ፣ ለሰው ሁሉ ጥቁር፣ ላንቺ ነጭ ለምንድን ነው?» አለችኝ። ዓቢዳን ጠየቅኳት፤ እሷም እዚያው ነው ያስነቀለችው። «ጥቁር ነው ያደረገልኝ። የሁሉም ጥቁር ነው» አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ያለኝን ነገር ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እጠረጥራለሁ።

አራተኛው ቀን ገደለኝ። ቀድመን ደርሰን ስንጠብቅ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወንበሩ ላይ ሃና የምትባል ቆንጆ ልጅ ተኝታለች፤ ስሟን ሸጊቱ ከካርዷ ላይ ስታነብ ሰማሁ። ዐይኗ ላይ ነጭ መነጽር አለ። ዶክተሩ ሥራውን አቁሞ ጭምብሉን እስከ አገጩ አውርዶ ፊት ለፊቷ ጎንበስ ብሎ ያወራታል፤ እሷም ቀና ብላ ዐይን ዐይኑን እያየች ትስቃለች። ለእኔ ሥራ ላይ ሆኖ ጭምብሉን አውርዶልኝ አያውቅም። በቃ፣ ገባኝ። ደስ ላለችው ሴት ሁሉ ነጩን የሚያወጣ ሰው ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ዐይኔን ጨፍኜ ተኛሁ፤ እስኪጨርስ አልገለጥኩም። ሁለት ጊዜ «አመመሽ?» አለኝ። አልመለስኩለትም።

ስንወጣ ከሸጊቱ ወረቀት ለምኜ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

«ዶክተር፣ ለሰው ሁሉ ጥቁር መነጽር ሲሰጡ ለእኔ ነጩን የሚሰጡበትን ምክንያት ደርሼበታለሁ። ለብቻዬ መስሎኝ ነበር፤ ለሌላም እንደሚሰጡ ዛሬ አየሁ። እኔ ዐይኗን ለማንም የምታሳይ ልጅ አይደለሁም። ለሐሙስ ጥቁሩን ያዘጋጁልኝ። ነኢማ።»

ደብዳቤውን አጣጥፌ ከሰጠኋት በኋላ ነው «ለብቻዬ መስሎኝ ነበር» የሚለው ያሳፈረኝ። እናቴ ታች ባጃጅ ስትጠራ ሸጊቱ እየሮጠች መጥታ የቀጠሮ ካርዴን በእጄ አስጨበጠችኝ። ጀርባው ላይ በሐኪም ጽሑፍ ሳይሆን በሚነበብ ጽሑፍ «ሐሙስ አምስት ሰዓት። እባክሽ እንዳትቀሪ። ጥርሱ ገና ክፍት ነው» ይላል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም። «እባክሽ» ያለው ለጥርሱ ነው ለእኔ?

በዚያው ሳምንት የዓሪፍ ሽማግሌዎች መጡ። ዓሪፍ የመርሳ ልጅ ነው፤ ሁለት አይሱዙ አለው፣ የአባቴን ሽንኩርት ስንት ዓመት ሲያመላልስ አንድ ጆንያ ጎድሎበት አያውቅም። እንከን ፈልጌ አጣሁበት። አባቴ ለሽማግሌዎቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መልስ ሊሰጡ ቃል ገቡ፤ ለእኔ ደግሞ «ያላንቺ ቃል አልድርሽም፤ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። እሺ ካልኩ የዓሪፍ ነኝ። እምቢ ካልኩ እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ በራችንን አያንኳኩም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር፤ ግልጽ ያልሆነው መነጽሩ ብቻ ነው።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ተኛሁ። ዶክተሩ ሰላምታ ሰጥቶ በዝምታ አደነዘዘኝ። አፌ ላይ ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን አረንጓዴ ላስቲክ ከወጠረ በኋላ እጁን ወደ መነጽሩ ሳጥን ሰደደ። ያወጣው ነጩን ነው። ጥቁሩን አዘጋጅልኝ ብዬው ነጩን አደረገልኝ። ልነሳ ስል ደግሞ አፌ በላስቲክ ተወጥሯል፣ ከንፈሬ ደንዝዟል፤ አንድ ቃል አይወጣኝም።

የተናገረችው እናቴ ናት።

«ዶክተር» አለች ከጥጓ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣኝ። የአክስቷ ልጅ እዚሁ ታክማለች፤ ከእኛ በፊት የወጡትንም ሰዎች አይቻለሁ። ለሁሉም ጥቁር ነው። ለእኔ ልጅ ነጭ ያደረግከው ለምንድን ነው?»

ሸጊቱ የያዘችውን ጥጥ ሳታስቀምጥ ቀረች። ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እናቴ አዞረና ጭምብሉን አወረደ።

«እማማ፣ መጠየቅዎ ደግ ነው» አለ። «የመጀመሪያው ቀን ጥቁር አድርጌላት ነበር። ሲያማት እጇን አላነሳችም፤ እኔም ከጥቁሩ ስር ማልቀሷን አላየሁም። ሥራዬን ጨርሼ መነጽሩን ሳነሳው ነው ያየሁት። ሰው አሳምሜ ሳላውቅ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን ነጩን ሰጠኋት፤ አፏ ባይናገር ዐይኗ ይነግረኛል ብዬ። ነጩም እንደ ጥቁሩ ከፈሳሹ ይከላከላል፤ መብራቱን ብቻ ዝቅ ማድረግ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በደብዳቤሽ ያነሳሻት ልጅ ሃና ናት። ጆሮዋ አይሰማም። ከንፈሬን አይታ ነው የምትረዳኝ፤ ለዚያ ነው ጭምብሌን የማወርደው። ጥቁር ባደርግላት ጨለማ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር እንደተቀመጠች ነው የምትሆነው።»

«የምን ደብዳቤ?» አለች እናቴ።

ሸጊቱ ጥጧን አየች፣ እኔ ኮርኒሱን። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲያው ለሕክምና ነው» አለች። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «አፉ በለኝ ልጄ፤ እኔ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር።»

እኔ እዚያ ወንበር ላይ ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ንጹሕ ሰው ኖሯል። ሃናንም እኔንም ያየን እንደ ሐኪም ኖሯል። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሴት የሚያባብል ሰው አለመሆኑ ተረጋገጠ። እኔ ግን የሆነ ነገር ከደረቴ ተነቅሎ የወጣ ያህል ባዶ ሆንኩ። ለካ ስጠረጥረው የከረምኩት እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነው። እንባዬ መጣ፤ ነጩ መነጽር ደግሞ ምንም አይደብቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እማማ፣ አልጨረስኩም» አለ ዶክተሩ።

እናቴ ቀና አለች።

«እስከ ሁለተኛው ቀን ያለው ለሕክምና ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ልጅዎ ቀኝ እጇን አነሳች። ከዚያ ወዲያ ነጩ አያስፈልጋትም ነበር። ሸጊቱ ወዲያው ጥቁሩን አውጥታ አስቀምጣላት ነበር፤ እኔ ነኝ ወደ ሳጥኑ የመለስኩት። አራተኛውንም ቀን እንዲሁ። ዛሬ ደግሞ ጥቁሩን አዘጋጅ ተብዬ በጽሑፍ ተነግሮኝ ነጩን ነው ያደረግኩላት።» «ሕክምና ነው ብዬ ዝም ልል እችል ነበር። ግን እናት ጠይቃኝ ግማሹን ብቻ ብመልስ ውሸት ነው። ነጩን የሰጠኋት ዐይኗን እንዳላጣ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሸጊቱ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሰው አለህ?» አለች እናቴ በመጨረሻ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ የሚልከው ሽማግሌ አለው ወይ ማለቷ ነው።

«አባቴ ሞተዋል። አጋሮ ያሳደገኝ አጎት አለኝ። እዚህ ግን ማንም የለኝም። አሁን ብደውልላቸው መኪና አግኝተው የሚደርሱት እሑድ ነው።»

«የእኛ ቃል ለዓርብ ነው» አለች እናቴ። «ለሌላ ሰው።»

ይህን አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት፤ እኔም በነጩ መነጽር እንደሱ ሁሉን አያለሁ። ጭምብሉን መልሶ አደረገ። ከዚያ እጁን ሰዶ ነጩን መነጽር ከዐይኔ ላይ ቀስ ብሎ አነሳው፤ ከሳጥኑ ጥቁሩን አውጥቶ ራሱ ወልውሎ አደረገልኝ።

«ከተናገርኩ በኋላ በዚያኛው ማየት አማና መብላት፣ እምነት ማጉደል ነው» አለኝ። «ለአጎቴ ዛሬውኑ እደውላለሁ፤ እሑድ ይመጣሉ። አሁን ጥርስሽን ልጨርስልሽ። ካመመሽ ቀኝሽን አንሺ።»

ጥቁሩን ለምኜ በጽሑፍ ያስመጣሁት እኔው ነኝ። ክፍሉ ጨለመ፣ እሱ ጥላ ሆነ። እስኪጨርስ አንዴም አላመመኝም፤ አንዴም ግን ማልቀሴን አላቆምኩም። ጥቁር መነጽርን እንደዚያን ቀን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

መርሳ ወርደን ባጃጅ ስንይዝ እናቴ «አጎቱ መኖሩን በምን እናውቃለን?» አለች።

«አናውቅም» አልኳት።

«ሐኪም አንደበቱ ለስላሳ ነው። ከተሳፋሪ ጋር እንደሚያወራ ሹፌር፣ ሥራው ነው። ደግሞ ነገ ቢዛወርስ?»

«ሊዛወር ይችላል።»

«እደውላለሁ ያለው ደውሎ ይሆን?»

«አላውቅም እማዬ።» የምትለው ሁሉ እኔ በልቤ ከመርሳ በፊት የጨረስኩት ነው። ከዚህም የባሰ አስቤያለሁ። ምናልባት አጋሮ የታጨች አለችው። ምናልባት ይህንኑ ንግግር ለሌላም እናት ተናግሮታል። አንዱንም ማጣራት አልቻልኩም፤ እስከ ዐስር ሶላት የቀረችው ሁለት ሰዓት አጎት አይታይባትም፣ ዘር አይጠየቅባትም። ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቀኝ ግማሽ ፊቴ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ዐስር ሰግደው መጋዘኑ በር ላይ በዱካ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናቴ ከኋላዬ ቆመች።

«ታዲያስ ነኢማ፣ ጥርሱ አለቀ?»

«አልቋል አባዬ።» ከንፈሬ ስለደነዘዘ ቃሌ ተንሻፈፈ። «ለዓሪፍ ሰዎች እምቢ በሉልኝ።»

አባቴ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ምን አጠፋ?»

«ምንም። ጥሩ ልጅ ነው።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«አለ። የጥርስ ሐኪሙ ነው። አገሩ አጋሮ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም። አጎቱ እሑድ ይመጣሉ ብሏል።»

አባቴ እናቴን አዩዋት። እናቴ መሬት መሬት አየች። «ሰማሁት» አለች፤ «ቃሉን እንጂ አጎቱን አላየሁም።»

«አጣርተሻል?» አሉኝ አባቴ። ይህን ጥያቄ በየቀኑ ነው የሚጠይቁኝ፤ ሁልጊዜም መልስ ነበረኝ።

«አላጣራሁም አባዬ።»

«ባይመጣስ?»

«ላይመጣ ይችላል» አልኩ። «ባይመጣ አገሩ ሁሉ ይስቅብኛል። ዓሪፍንም አጥቻለሁ። አውቀዋለሁ። ግን ሌላ ሰው እያሰብኩ ዓሪፍን እሺ ብለው እሱን ነው የማታልለው። እወደዋለሁ አባዬ። ይምጣም አይምጣ እወደዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል በእኛ ቤት ለአባት አይነገርም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና የዓሪፍን ሽማግሌ ቁጥር ፈልገው ደወሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ» አሉ። «ለነገ አትድከሙ። አይሆንም። … አዎ፣ ልጅቱ አይደለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ሁሉም ነገር ከእኔ ነው።»

ስልኩን ዘጉ። መንገዱን እያዩ ዱካቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ጆንያ መታ መታ አደረጉልኝ፤ እንድቀመጥ ነው።

«ባይመጣ የሚሳቅበት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እሑድን አብረን እንጠብቃለን።»

ማደንዘዣው ያን ጊዜ ነው የለቀቀኝ፤ መንጋጋዬ ቀስ እያለ መውጋት ጀመረ። ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ እጃቸውን ሳምኩ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀን ግን የአባቴ ልጅ ነኝ ብዬም አላውቅም።